በአንገቷ ያሰርነው ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ንፋስ መውጫ ላይ ባጃጅ ውስጥ አንድ አባት ልጁን አቅፎ አጠገቤ ተቀመጠ። ልጁ ጆሮው ሥር ፋሻ ተለጥፎበታል። አባትየው ወረቀት ያገላብጣል። ያነብበው እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቼ ዓይኔን ከጣቶቹ ላይ መንቀል አቃተኝ። እኔም እንዲያ አገላብጫለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። እኅቴ አራስ ስለነበረች የአራት ዓመት ልጇን ትርንጎን ጤና ጣቢያ ያደረስኋት እኔ ነኝ። ከጆሮዋ ሥር የወጣውን እባጭ ቆርጠው አወጡና ሰፏት። ሐኪሙ ወረቀት ሰጥቶ ማንበብ እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። "እንዴታ" አልሁት። አምኖኝ ሌላ ነገር አልጨመረም።

በነሐሴ ጭቃ አዝያት ተመለስሁ። ማኘክ ስላመማት በሶ እየበጠበጥሁ አጠጣት ጀመር። እናቴ ወረቀቱ ምን እንደሚል ስትጠይቀኝ "ለቁስሉ ነው" አልኋት። በእኛ አገር ለሕመም የተጻፈ ነገር ቦታው አንገት ነው፤ በማግስቱ በቆዳ ሰፍታ አሰረችላት።

ከዚያ ወዲያ የእኔና የትርንጎ ሥራ ቁስሏ የተሰፋበትን ክር ማየት ሆነ። ይበሰብስ ይሆን ወይስ ሥጋ ይሆን እያልሁ ስመራመር፣

"አጎቴ፣ ሲሰፉኝ ምን ከተቱብኝ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"አያቴ ጆንያ የምትሰፋው እኮ እህል ከታበት ነው።"

እኔም መጠርጠር ጀመርሁ።

ክሩ ግን ሥጋዋ ውስጥ እየሰመጠ ሄደ። ዙሪያው ቀላ፣ ትኩሳት ያዛት፣ በሶውንም ተወች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የንስሐ አባታችን ሊጠይቋት መጡና ክታቡን ማን እንደጻፈላት ጠየቁ። እናቴ ኮራ ብላ ሐኪም ነው አለቻቸው። ምላጭ አስመጥተው የክታቡን ስፌት ተረተሩት። አንብበው ሲጨርሱ ቀና ብለው ያዩት እኔን ነበር።

"በሰባተኛው ቀን ክሩ ይውጣ ይላል። አንተ ምን ይላል አልሃት?"

ልጅቱን አዝዬ ወደ ጤና ጣቢያው ወጣሁ።

ሐኪሙ ለምን እንደዘገየሁ ሲጠይቀኝ ወንዝ ሞልቶብኝ ነው አልሁት። ክሮቹ ከወጡ በኋላ ትርንጎ አሳዩኝ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸውና "የከተቱብኝስ?" አለች።

ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ድንቁርናን ይረግማል፤ ይርገም። ያቺን ልጅ ሞት አፋፍ ያደረስኋት ግን በሰልፈኛ ፊት አላነብም ማለት አፍሬ ነው።

ትርንጎ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ጠባሳዋን እያሳየች ክታቧ እንዳዳናት ታወራለች። "አይደል አጎቴ?" ስትለኝ አዎ እላለሁ። እውነቱን እዚህ ጻፍሁት፤ እሷ አታነበውም። ትምህርት ቤት ትግባ ሲባል ቤት ታግዝ ያልነው እኛው ነን።