የእትዬ ላጲስ የወረቀት ሳጥኖች

ዝናቡ ሳይታሰብ ስለ ወረደ ከአውቶቡስ መጠበቂያው ጣሪያ ሥር ተጠጋግተን ቆመን ነበር። ደብተሯን ያቀፈች አንዲት ልጅ ሮጣ ስትጠለል፣ ከደብተሩ መሀል የፈተና ወረቀት ሾልኮ ጭቃ ላይ ወደቀ። በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው ውጤት ከቆምኩበት ይነበባል፤ ከመቶ አሥራ ዘጠኝ። ሁለት ጎረምሶች አይተው ተጠቃቀሱ። ልጅቷ ወረቀቱ የእሷ መሆኑ እንዳይታወቅ ወደ ሌላ አቅጣጫ ማየት ጀመረች። በዚህ መሀል ዕድሜያቸው ሃምሳን የዘለለ ሴት ጎንበስ ብለው አነሡት። ጭቃውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ውጤቱ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርገው አጠፉትና በእጇ አስጨበጧት። “የእጅ ጽሕፈትሽ ያምራል” አሏት። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ወረቀት አስተጣጠፍ ልቤ የገባ ግን ጥቂት ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ከጎናቸው መቀመጫ አገኘሁ፤ ልጅቷም ከፊታችን ተቀመጠች። ሴትየዋ በአንድ ትምህርት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጠራጊነት ሠርተው፣ ጉልበታቸው አልታጠፍ ሲል ሥራውን እንደ ተዉ አጫወቱኝ። አሁን በትምህርታቸው ወደ ኋላ የቀሩ ልጆችን ቤታቸው ማስጠናት ከጀመሩ ወር አልሞላቸውም። ስንት ተማሪ እንዳላቸው ብጠይቃቸው ሁለት አሉኝ፤ አንዱ የእህታቸው ልጅ ነው፤ እሱም የሚመጣው ለዳቦው ነው። ከመውረዳቸው በፊት የልጅቷን ትከሻ ነካ አድርገው የቤታቸውን በር በመስኮቱ አሳዩዋት፤ ቅዳሜ ከእናቷ ጋር ብትመጣ ደስ እንደሚላቸው ነገሯት። መቀመጫ እንደሚያንሳቸው በጨዋታችን መሀል ሰምቼ ስለ ነበር፣ እኔም ዕቃ ከማድልበት የመለዋወጫ መጋዘን ከሚጣለው የሳጥን ጣውላ አለቃዬን አስፈቅጄ አግዳሚ ሠራሁና በዚያው ቅዳሜ ይዤ ሄድኩ።

ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። አንዱ ግድግዳ እስከ ወገቡ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ሰሌዳ ሆኗል። ጠረጴዛው በሁለት በርሜል ላይ የተጋደመ አሮጌ በር ነው፤ የቁልፉ ቀዳዳ እርሳስ ይቆምበታል። ከአልጋው ሥርና ከአልጋው ራስጌ ካርቶን ሳጥኖች ተደርድረዋል። አንዱን ከፍተው አሳዩኝ። ልጆች ጨምድደው የጣሏቸው ወረቀቶች፣ አንድ በአንድ ተዘርግተው፣ በእጅ ተዳምጠው፣ እንደ ታጠበ ልብስ ተደራርበዋል።

መጀመሪያ ወደ ቤት ይወስዷቸው የነበረው ለምድጃ ማቀጣጠያ ነበር። አንድ ቀን ግን በተለያየ ዓመት የተማሩ ሁለት ልጆች ለአንድ ጥያቄ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ጽፈው አዩ።

“አንድ ሰው ቢጠፋ ጠፋ ነው” አሉኝ። “ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከጠፋ ግን፣ እዚያ የሚወስድ መንገድ አለ ማለት ነው።”

ይህን ያሉት ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጡ ሴት ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቶቹን እንደ ስህተታቸው ዓይነት ይለዩ ጀመር። የዜሮ ሳጥን አለ፤ የማባዛት ሳጥን አለ። ከሁሉ የሚበልጠው “የማይበደሩ” የሚል የተጻፈበት ነው። መቀነስ ስንማር፣ የላይኛው ቁጥር ካነሰ ከጎረቤቱ አንድ ይበደራል ተብለን የለ? ያን ሳያደርጉ ዝም ብለው ትንሹን ከትልቁ የሚቀንሱ የመሰሏቸው ልጆች ወረቀት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሁሉ የረገጠውን እያነሡ እንዲህ ያለ ነገር መሥራታቸውን ሳይ፣ አግዳሚዬን ማውረድ ረስቼ እንደ ተሸከምኩ ቆምኩ።

ልጅቷ ከእናቷ ጋር መጣች። እናትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቁራጭ ክር ከእጅጌዋ አልተነሣም። ልጇ አራተኛ ክፍልን እየደገመች መሆኗን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ የማካካሻ ፈተና እንዳለ፣ ያን ካላለፈች ከትምህርት ቤት አውጥታ ስፌት መኪናው አጠገብ እንደምታስቀምጣት እንደ ቆመች ተናገረች። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። እናትየዋ ክፍሉን ቃኘችና፣

“እርስዎ አስተማሪ ነዎት?” አለች።

“አይ ልጄ፣ ጠራጊ ነበርኩ።”

“ጠራጊ ደግሞ ምን ያስተምራል?”

“አስተማሪ የጣለውን።”

እናትየዋ ሳቋ አመለጣት። ሦስቱን ሳምንት ፈቀደች።

ልጅቷ ከሃምሳ ሁለት ላይ ሃያ ሰባት ስትቀንስ ሠላሳ አምስት ይመጣላታል። በየወረቀቷ ግርጌ “ትኩረት የላትም” ተብሎ ተጽፏል። ሴትየዋ ይህማ የታወቀ ነው ብለው ወረቀቷን ከማይበደሩት ጨመሩና ሳምንቱን ሙሉ መበደር አስተማሯት። ገባኝ ትላለች፤ መልሱ ግን ያው ሠላሳ አምስት። የእህታቸው ልጅ ዳቦውን እያላመጠ፣ ከሠላሳ አምስት ጋር ተጋብተሻል እንዴ እያለ ያበሽቃት ጀመር።

በሁለተኛው ቅዳሜ የአግዳሚዬ እግር ተነቃንቋል ተብዬ መዶሻ ይዤ ሄድኩ። የሴትየዋ ፊት ጠቁሯል። ልጅቷ ስትጽፍ፣ ስታጠፋ፣ እንደገና ስትጽፍ አተኩረው አዩና እጃቸውን ዘረጉ። ላጲሷን ተቀብለው ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመሩ፤ ቆርቆሮውን ደጃፉ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ምንም ሳታጠፋ እንድትሠራው ነገሯት።

ሠራችው። ሁለት ከሰባት ያንሳል፤ ከአምስቱ አንድ ተበደረች፤ አምስቱን ሰርዛ አራት ጻፈች። ከአሥራ ሁለት ሰባት ሲነሣ አምስት። እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ አራቱን ሰርዛ እንደገና አምስት ጻፈች።

“ይኼ ምንድን ነው፣ ልጄ?”

“መለስኩለት።”

“ለማን?”

“ለጎረቤቱ” አለች፣ ይህ እንዴት ይጠየቃል በሚል ዓይን እያየቻቸው። “የተበደሩት ይመለሳላ። እማዬ ሳይመሽ መልሺ ነው የምትለኝ።”

መዶሻዬ እጄ ላይ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየፈተናው፣ በየጥያቄው ይህች ልጅ የተበደረችውን ስትመልስ ኖራለች። የመለሰችበትን ምልክት ደግሞ ወረቀቷ እንዳይቆሽሽ በላጲስ ታጠፋዋለች። ሒሳብ አታውቅም ያላት ብዙ ነው፤ ታማኝ ናት ያላት አንድ ሰው የለም። ፈጣሪ በሕፃን ልብ ያኖረው መልካም ነገር በተሳሳተ መልስ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሴትየዋ ተነሥተው ትልቁን ሳጥን ወለሉ ላይ ገለበጡት። ከወረቀቶቹ መሀል ተቀመጡና አንዱን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀኑት፤ አስቀምጠው ሌላ አነሡ። የጠፋ ምልክት እየፈለጉ ነው።

“እነዚህን ሁሉ አይበደሩም ብዬ ነበር” አሉ ቀስ ብለው። “ስንቶቹ መልሰው ይሆን?”

ከዚያ ተነሥተው ከመጥረጊያቸው ጭራሮ ይመዙ ጀመር። አሥር አሥሩን በክር እያሰሩ አምስት እሥር አደረጉና ሁለት ነጠላ ጨምረው ከልጅቷ ፊት ደረደሩ። ከነጠላዎቹ ሰባት እንድትሰጣቸው ጠየቋት፤ አይበቃም አለች። አንዱን እሥር እንድትፈታ ነገሯት፤ ፈታችው።

“የፈታሽው እሥር የማን ነው?”

“የኔ።”

“የራሱን እሥር የፈታ ሰው ለማን ይመልሳል?”

ልጅቷ ጭራሮዎቹን አየች፤ ሴትየዋን አየች። ለብቻዋ ፈገግ አለች። ሰባቱን ሰጠች፤ ከቀሩት አራት እሥሮች ሁለቱን ሰጠች፤ የተረፋትን ቆጠረች። ሃያ አምስት። ደግማ ቆጠረች። የዳቦው ልጅ እንኳ ማላመጡን አቁሞ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ተበደር አይባልም፤ ፍታ ነው የሚባለው። የሚመጣ ልጅ ሁሉ ላጲሱን ደጃፍ ላይ ቆርቆሮው ውስጥ ጥሎ ይገባል፤ ሲወጣ ያነሣል። ልጆቹም እትዬ ላጲስ ብለው ስም አወጡላቸው።

ፈተናው ደረሰ። ልጅቷ ስልሳ አንድ አመጣች፤ አለፈች። እናትየዋ ወረቀቱን ይዛ መጣች፤ በዚህ ጊዜ ተቀመጠች። ነገሩን ከልጇ ሰምታለች። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያበላሸኋት እኔ ነኝ ስትል እትዬ ላጲስ አቋረጧት።

“ያንቺ ትምህርት ልክ ነው፤ እንዳትነኪው። የተሳሳተው መበደር የሚለው ቃል ነው።”

በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋ የጎረቤቶቿን ሦስት ልጆች ይዛ መጣች። ዛሬ ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ደርሰዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለተኛ አግዳሚ ሠርቼ ሳልጨርስ ሦስተኛ አስፈለገ።

ሦስተኛውን አግዳሚ ያስገባሁ ዕለት እትዬ ላጲስ ልጆቹ እስኪወጡ ጠበቁና የአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ ፊቴ ዘረጉ። ልጅቷ አሁን አምስተኛ ክፍል ናት፤ ክፍልፋይ ሊጀምሩ ነው። እሳቸው ደግሞ ትምህርት ያቋረጡት ልክ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርሱ ነው። እስካሁን ልጅቷን ያደረሷት የሚያውቁትን ይዘው ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ግን አብረዋት ሊጠፉ ነው። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ።

“ክፍልፋይ ለክፍልፋይ ሲካፈል ሁለተኛው ይገለበጣል ይላል። ለምን እንደሚገለበጥ አይልም። አንተ መጽሐፍ ታነባለህ፤ ለምንድን ነው?”

እኔም ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ያለውን ለብቻዬ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ሠላሳ ዓመት ስገለብጥ ኖሬ ለምን ብዬ እንደማላውቅ አፍሬ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን አላዘኑም፤ ጥሩ ወረቀት እንዳገኙ ሁሉ ፊታቸው በራ።

“እንግዲያው አንድ ነገር ላስቸግርህ፣ ወንድሜ” አሉኝ። “ሰኞ ከሥራ ስትወጣ ናና እፊቴ ተቀምጠህ ሥራልኝ። የት ላይ እንደምትጠፋ ልየው። ላጲስህን ደጃፍ ላይ ተወው።”