ቅናት ያስተማሩን ጋሽ ንጋቱ ዋቆ

የጋሽ ንጋቱ ዋቆን ሞት ከሁሉም ኋላ የሰማሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ጎሚስታ ቤታችን በር ላይ የጭነት መኪና ጎማ ስፈታ የእድራቸው ጥሩንባ ነፊ አለፈ። «ማን ነው የሞተው?» አልኩት። «የትያትሩ መምህር ናቸው። አንተ ተማሪያቸው አልነበርክም እንዴ?» አለኝ። ነበርኩ። እጄን ሳልታጠብ ሮጬ ቤታቸው ስደርስ አብራኝ የምትማረው ጫልቱ ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጎን ተቀምጣ ታለቅሳለች። ገና ሳይነጋጋ ሰው ተልኮባት ኖሯል። ወደ እኔ የተላከ ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ጋሽ ንጋቱን ለምታውቁ ሁሉ ነው። በአሰላ፣ በበቆጂና በዲክሲስ አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ ላያችኋቸው፣ በሠርጋችሁ ላስጨፈሯችሁ፣ በልቅሷችሁ ላጽናኗችሁ። ከእኔ ይበልጥ የሚያውቋቸው እንዳሉ ይነገራል። እኔ በዚህ አልስማማም።

ጋሽ ንጋቱ በወጣትነታቸው በአዲስ አበባ መድረኮች የተጨበጨበላቸው ተዋናይ ነበሩ። ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ አሰላ የተመለሱት የኪነት ቡድኑን እንዲያሠለጥኑ ተመድበው ነው። እህል ይከማችበት የነበረ አንድ መጋዘን ተሰጣቸው። እርሳቸውም በሩ ላይ በኖራ «የድራማ ትምህርት ቤት» ብለው ጻፉ። እንዲጽፉ የፈቀደላቸው ሰው አልነበረም፤ እንዲያጠፉም ያዘዛቸው አልመጣም። ክረምት ሲገባ ከወለሉ የድሮ ስንዴ ሽታ ይነሣ ነበር። ብርዱ ሲጠና ጋቢያችንን እንደለበስን እንለማመዳለን፤ እርሳቸው ግን ኮታቸውን ያወልቁ ነበር። «የሚሞቀው የሚሠራ ሰው ነው፤» ይሉናል።

ማስተማር ከጀመሩ በኋላም ትወናን አልተዉም። በምናቀርበው ትያትር ሁሉ እንደ ማናችንም አንድ ሰው ሆነው ይሠራሉ። ለምን ቁጭ ብለው አያዩንም ብንላቸው፣ «መድረክ ላይ የማይወጣ የትያትር መምህር፣ ሥጋ ያለቀበት ሥጋ ቤት ነው፤ ቢላዋው ብቻ ያብረቀርቃል፤» አሉን።

እኔ መጀመሪያ ወደ እርሳቸው የሄድኩት ግጥም ላነብላቸው ነበር። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የጻፍኩትን የሚሰማኝም አልነበረም። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሲያበቃ፣ «በል አሁን ውጣና በሩን ከፍተህ ግባ፤» አሉኝ። ገባሁ። «ማን ነህ?» አሉኝ። ስሜን ነገርኳቸው። «ስምህን አልጠየቅሁም። ከየት ነው የምትመጣው? በርዶሃል? የምትፈልገው ሰው እዚህ አለ? እንደገና ግባ።» ስወጣ ስገባ ዋልኩ። ደሳለኝ የሚባል ልብስ ሰፊ፣ እርሱም ተማሪ ነው፣ «ጋሽዬ፣ ገጣሚው በር መክፈት አይችልም እኮ፤ መስኮት ይሰጠው፤» ብሎ ሁሉንም አሳቀብኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ገጣሚው ሆኖ ቀረ።

እንደምታውቁት ከሥራ በኋላ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል። ቀበሌው ያደርጋል፣ መሥሪያ ቤቱ ያደርጋል፤ የኪነት ቡድኑም እንዲያደርግ ታዟል። ጋሽ ንጋቱ ትእዛዙን አልጣሱም፤ አሠራሩን ግን የራሳቸው አደረጉት። «ጥፋት መንገር ቀላል ነው፤ ማንም ይነግራችኋል፤» አሉን። «እዚህ ቤት የምትናገሩት የቀናችሁበትን ነው። ጥሩ ነበር የሚል ሰው አላየም። የቀና ሰው ግን አይቷል።»

ስለዚህ ከልምምድ በኋላ በክብ እንቆማለን። እያንዳንዱ ሰው በማን፣ በምኑ እንደቀና ይናገራል። አንድ ጊዜ ደሳለኝ ስለ ጫልቱ፣ «በሁሉ ነገሯ ቀናሁ፤» ቢል፣ «በሁሉ ነገር የቀና በምንም አልቀናም። ተቀመጥ፤» አሉት። ጥቂት አስቦ ተነሣና፣ «ስትቀመጥ ወንበሩን አታየውም፤ በዚያ ቀናሁ፤» አለ። «አሁን ገና አየሃት፤» አሉት።

ተራው ሲደርሳቸው እርሳቸውም ይናገራሉ። ደሳለኝን፣ «ሳቅህ ከአፍህ በፊት ትከሻህ ላይ ይመጣል። የእኔ ትከሻ እስከ ዛሬ እንጨት ነው፤» አሉት። ጫልቱን፣ «ዝም ስትዪ ሰው የምትናገሪውን ይጠብቃል። እኔ ዝም ስል ቃሌን የረሳሁ ይመስለዋል። በዚህ ቀንቼብሻለሁ፤» አሏት። ሁሉም ደረሰው። እኔ በዚያ ክብ ውስጥ በየሳምንቱ ቆሜ ጠበቅሁ። በእኔ አንድ ቀን እንኳ አልቀኑም።

አንድ ቀን የባህል ጉዳይ ኃላፊው ሂሳችንን ሊከታተሉ መጡ። የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰሙንና ግራ ገባቸው።

«ጓድ ንጋቱ፣ ይሄ ሂስ ነው ወይስ መወዳደስ?»

«ይሞክሩታ፣ ጓድ። ከእኛ መሀል በማን ይቀናሉ?»

«እኔ በማንም አልቀናም።»

«እንግዲያው ቁጭ ብለው ዋሉ እንጂ አላዩንም።»

ደሳለኝ ጫማውን ማየት ጀመረ። ኃላፊው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «እርስዎ ሲናገሩ የኋላው ሰው አንገቱን ያሰግጋል። እኔ ስብሰባ ላይ ስናገር ያዛጋል፤» አሉ።

«ይሄ ነው ሂስ ማለት፤» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «እኔም በእርስዎ ቀናሁ። ይህን ያህል ሰው ፊት እውነቱን ሲናገሩ ድምፅዎ አልተንቀጠቀጠም። በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ፣ ስለ ትንፋሽ እንማራለን።»

መጡም። ሰው ይህን ታሪክ የሚያወራው የጋሽ ንጋቱን ድፍረት ለማሳየት ነው። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነበር። ከዓመት በላይ የጠበቅሁትን ነገር ኃላፊው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይዘውት ሄዱ።

ደግነታቸውንም ልንገራችሁ። ጫልቱ አሰላ አክስቷ ዘንድ ሆና የምትማር የዲክሲስ ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ ገመዳ ልጃቸው መድረክ ላይ መውጣቷን ሲሰሙ ከለከሏት። ጋሽ ንጋቱ ዲክሲስ ድረስ ሄዱ፤ በጭነት መኪና ያሳፈርኳቸው እኔ ነኝና አብሬ ነበርኩ። ስንደርስ ኦቦ ገመዳ አውድማ ላይ ገብስ ያዘራሉ። ጋሽ ንጋቱ ሰላም ብለው ኮታቸውን አወለቁ፣ መንሽ ተቀብለው ማዝራት ጀመሩ። ስለ ትያትር አንድ ቃል አልተነፈሱም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽማግሌው በኦሮምኛ፣ «ሰውዬ፣ ገብሴን ልትጨርስልኝ ነው ከአሰላ የመጣኸው?» አሏቸው።

ጋሽ ንጋቱ መንሹን ጣሉና ባዶ እጃቸውን ኦቦ ገመዳን ሆነው ቆሙ። ነፋሱን በጉንጫቸው ፈለጉት፤ አጡት፤ ተቆጡ፤ ሲመጣ ደግሞ ከመወርወራቸው በፊት በከንፈራቸው አንድ ነገር አሉት። የኦቦ ገመዳ ሚስት ከደጃፍ ሆና ሳቋን መያዝ አቃታት። «ይሄ እርሱ ነው፤ ነፋሱን እንደዚህ ነው የሚሰድበው፤» አለች።

«ልጅዎ እንዲህ ታያለች፤» አሉ ጋሽ ንጋቱ በዚያው በኦሮምኛ። «ያየችውን እንድታሳይ ይፍቀዱላት።»

ኦቦ ገመዳ ገለባውን ከጋሽ ንጋቱ ፀጉር ላይ አራገፉላቸው። «ትሂድ። እኔን መስላ ግን እንዳትሠራ።»

የእኛ ቤት ከመጋዘኑ ጀርባ ነው። አባቴን ለማነጋገር አንድ ቀን አልመጡም። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ አባቴ አልከለከለኝም። «ሂድ፣ ግጥምህንም ይዘህልኝ ሂድ፤» ነው የሚለው። ቢሆንም በዚያን ቀን ከዲክሲስ ስንመለስ አባቴ ጨካኝ በሆነ ብዬ ተመኝቻለሁ።

አሁን በቆጂ ላይ ስለሆነው ልናገር። ጋሽ ንጋቱ ራሳቸው በጻፉት ትያትር ውስጥ ልጃቸው የዘመተባቸው ባልና ሚስት አሉ። አንድ ሰው በሩን አንኳክቶ የልጁን ጋቢ ያመጣል። እናትየዋ ጋቢውን ትቀበላለች፣ ታጥፈዋለች፣ ረጅም ጊዜ ዝም ትላለች። ከዚያ አባትየው ይናገራል። እናትየዋ ጫልቱ ነበረች፣ አባትየው ጋሽ ንጋቱ። ጋቢውን የማመጣው እኔ ነኝ። ቃል የለኝም። ግጥም የሚጽፍ ሰው ጋቢ አቀብሎ ይወጣል።

በቆጂ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጋቢውን ይዤ ገባሁ። ጫልቱ እጇን ስትዘረጋ ጋሽ ንጋቱ ቀድመዋት ተቀበሉኝ። አጠፉት። ዝም አሉ። ያ ዝምታ የእርሷ ነበር፤ ከትንፋሹ እስከ አንገቱ መዘንበል የእርሷ ነበር። ሰዉ አለቀሰ። እርሷ ባዶ እጇን እንደዘረጋች ቀረች።

በማግስቱ መጋዘኑ ውስጥ በክብ ስንቆም መጀመሪያ የተናገሩት እርሳቸው ናቸው።

«ትናንት ሰርቄያለሁ። የቀናሁበትን ከተናገርኩ ይለቀኛል ብዬ ነበር፤ አለቀቀኝም። ጫልቱ፣ ይቅር በይኝ።» ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ።

«ጋሽዬ፣ እርስዎ ጥሩ ሠሩት፤» አለች ጫልቱ በዚያ ኦሮምኛ በሚጫነው አማርኛዋ። «እኔ ነኝ እጄን የማደርግበት ያጣሁት።»

«ባዶ እጅሽን እንደዘረጋሽ መቆምሽ ከእኔ ዝምታ ይበልጥ ነበር።»

«እና እርሱንም ሊወስዱት ነው?»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ንጋቱ ናቸው፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

በልቅሶው ድንኳን ይህን እያነሡ ስለ ትሕትናቸው ሲያወሩ ሰማሁ። እውነት ነው፤ በተማሪው ፊት ራሱን ዝቅ የሚያደርግ መምህር ሌላ አላየሁም። እኔ ግን በዚያን ቀን ክቡ ውስጥ ቆሜ ያሰብኩት፣ ታላቅ ተዋናይ የሚሰርቃት ሰው እርሷ ናት የሚለውን ነው። ከእኔ ማንም ምንም ወስዶ አያውቅም።

ሕመማቸው ሲጠና ሆስፒታል ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር። እትዬ አስካለ፣ «ብዙ አታናግራቸው፤» ብለውኝ ወጡ። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ስለ ብርዱና ስለ ልምምዱ አወራሁ። ከዚያ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

«ጋሽ ንጋቱ፣ በእኔ ቀንተው አያውቁም።»

«አላውቅም።» አልዘገዩም።

«ለምን?»

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «መድረክ ላይ ቆመህ ጫልቱን ታያለህ፤ ደሳለኝን ታያለህ፤ እኔን ታያለህ። እንዳንተ የሚያይ ተማሪ የለኝም። ጋቢ የሚያመጣውን ሰውዬ ግን አንድ ቀን አላየሁትም። የት ሄደ?»

«ቃል የለውማ።»

«እዚያ ቤት ውስጥ ልጁ መሞቱን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው እኮ። መንገዱን ሁሉ ይዞት መጥቷል። ሊናገረው አይችልም። እኔ አባትየውን የያዝኩት ወሬ ስለሚበዛው፣ ስለሚቀለኝ ነው። ከባዱን ለአንተ ሰጠሁ፤ አንተ ግን በዚያ ሰውዬ ፈንታ ቆመህ ወደ እኛ ታያለህ።»

ብርድ ልብሳቸውን አስተካክዬላቸው ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ፣ «ገጣሚው፣» አሉኝ፣ «አስካለን ጥራልኝ። ሌላውን በኋላ እንጫወታለን።» በኋላ የሚባለው ቀን አልመጣም።

ከሠልስቱ በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰብን። ዲክሲስ ላይ ልናቀርብ ቀጠሮ አለን። ተማሪዎቹ ጫልቱ ትምራን አሉ፤ ማንም ወደ እኔ አላየም። እርሷ ግን ወደ እኔ መጣች።

«አባትየውን አንተ ውሰደው። ድምፅ አለህ።»

«ደሳለኝ ይሥራው።»

«አንተስ?»

«ጋቢውን አልሰጥም።»

«ቃል የለውም ብለህ ስንት ጊዜ አማረርክብን!»

«ተይው አልኩሽ፣ ጫልቱ። የእኔ ነው።»

ደሳለኝ፣ «ልብ በሉ፤ ገጣሚው ዝም ሊል ነው፤» አለ። ሰው ሳቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳቅ አልተናደድኩም፤ በሩን ከውጭ ልለማመድ ወጣሁ።

ጋሽ ንጋቱ፣ እንግዲህ በሰላም ያርፉ። እትዬ አስካለን እንጠይቃለን፤ መጋዘኑንም አንዘጋውም። ዲክሲስ ላይ ያንን በር ሳንኳኳ ልጁ መሞቱን አውቃለሁ። ጫልቱን አላይም፤ የእርስዎን ቦታ የያዘውን ደሳለኝንም አላይም። ያን ሰውዬ ሆኜ እቆማለሁ። ኦቦ ገመዳ ያዩኛል፣ ሚስታቸው ታየኛለች፣ ከአውድማ የመጣው ሰው ሁሉ ያየኛል። በእነርሱ በሁሉም እቀናለሁ፤ እርስዎ ያላዩትን ሊያዩ ነውና። እርስዎ ባሉበት አገር ቅናት ይኑር አይኑር አላውቅም። ካለ ግን፣ ጋሽዬ፣ ያን ዕለት በእኔ ይቅኑ።