ከእህቷ አፍ የወጣ አዝማች

ሥራዋ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ነው። ሙዚቃ ስቱዲዮ ያሉት ሰዎች ግን ዘፈን ስለምትገጥምላቸው «ባለመርፌዋ» ይሏታል። ግጥሙን የምትጽፈው ጨርቅ በምታሰምርበት ጠመኔ፣ እዚያው መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ነው። ካልጣማት በክንዷ ጠረግ ታደርገዋለች።

ያን ሰሞን የጠረገችው ብዙ ነበር። ስቱዲዮው ለአንዲት ድምፃዊት የሚያዘጋጀው አዲስ ዘፈን ዜማው አልቋል፣ ስንኞቹም ተገኝተዋል፤ አዝማቹ ግን አልመጣ አለ። አራት ይዛ ብትሄድ የስቱዲዮው አቀናባሪ አራቱንም መለሰባት።

«ቆንጆ ናቸው» አላት፣ ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ። «ችግሩም እሱ ነው። ጨረቃ፣ አበባ፣ የእንባ ጎርፍ... ማን ነው ቤቱ እንዲህ የሚያወራው? ሰው ሰምቶ ‹ይሄን እኮ እኔም ብዬዋለሁ› የሚለውን አምጪልኝ። ነገ ስምንት ሰዓት እንቀዳለን። ካልሆነልሽ ሌላ ገጣሚ እጠራለሁ።»

እንዲህ ያለ ቃል ታውቃለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ውስጧ ተሰንቅሮ ኖሯል። እታለም የምትላት ታላቅ እህቷ፣ ዛሬ አጠገቧ ተቀምጣ የምትሰፋው፣ ባሏ ሻንጣውን ይዞ የወጣ ቀን አላለቀሰችም። ነፋስ በሚገባበት ቤት ኩርምት ብላ «መሄዱን ይሂድ፤ ምናለ በሩን ዘግቶልኝ ቢሄድ» ነበር ያለችው። ከዚያ ወዲህ የሰውዬው ስም ቤቱ ውስጥ ተነስቶ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት እጇ ሳታዘው ጻፈ፦

ይሂድ ግድ የለም ልቡ ከወደደ፣
ምናለ በሩን ዘግቶልኝ በሄደ።

ከጎኗ የእታለም የስፌት መኪና ድንገት ዝም አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አዝማች ነው...»

«የኔ ቃል ነው! እኔ አንጀቴ ሲቆረጥ አንቺ ትመዘግቢ ነበር?»

እውነት ነበር። ያን ቀን እህቷን አቅፋ ሳለ «ይቺ ስንኝ ይወጣታል» ብላ ማሰቧን ለማንም ተናግራው አታውቅም። እታለም ሹራቧን አንጠልጥላ ወጣች።

አምስት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት ሆነ። እታለም የለችም። ስልኩ ጮኸ።

«አገኘሽ?» አለ አቀናባሪው።

«አግኝቻለሁ፤ ግን...»

«ግን የሚል አዝማች አልቀበልም። ድምፃዊቷ መንገድ ላይ ናት» ብሎ ዘጋው።

ጠረጴዛውን አየችው። ዓይኗን ጨፍና በክንዷ ጠረገችው። ሌላ ገጣሚ ይጥራ፤ እህት ከየት ትጠራለች?

ሰባት ሰዓት ሲል እታለም ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። ባዶውን ጠረጴዛ አየች።

«የት አለ?»

«አጠፋሁት። ይቅር በይኝ፣ እታለም።»

«መልሰሽ ጻፊው።»

ጠመኔውን አንስታ ጻፈችው። እታለም ቆማ አንብባ «ግድ የለም» የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይሄ ውሸት ነው። ግድ ነበረኝ። ግድማ ገደለኝ! አልለመንኩትም እንጂ።»

ባለመርፌዋ ቀና ብላ ሳታያት የመጀመሪያውን ስንኝ አስተካከለች፦ አልለምነውም ልቡ ከወደደ።

«አሁን ሆነ» አለች እታለም። «እኔ ባለሁበት ግን ዘፈኑን እንዳትከፍቺው።»

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ባለመርፌዋ ስቱዲዮ ደረሰች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ድምፃዊቷ አንዴ አዜመችው። አቀናባሪው «ድገሚው» አላት። ሲደገም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዘፈኑ ሁለት ወር ሳይሞላው በየታክሲው ይሰማ ጀመር። አንድ ከሰዓት የልጇን ዩኒፎርም ልታሳጥር የመጣች ደንበኛ አዝማቹን እያንጎራጎረች ገባች። ባለመርፌዋ መቀሷን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ቀሚሱን የተቀበለችው እታለም ነበረች።

«ይቺን የገጠመች ሴት» አለች ደንበኛዋ፣ «ቤቴ ገብታ ያየችኝ ነው የሚመስለኝ።»

«ይመስላል» አለች እታለም፣ መርፌ ቁልፉን ከአፏ አውጥታ ጠርዙ ላይ እየሰካች። «ለሐሙስ ይደርስልሻል።»