በንባብ አንደኛ

ዲላ ላይ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ እኛን መምህራንን አጉረው በታብሌት ንባብ ስለ ማስተማር ሦስት ቀን አሠለጠኑን። በሦስቱ ቀን «ዲጂታል» የምትለውን ቃል ያልጠራ ሰው አልነበረም፤ ሻይ የምትቀዳልን ሴትዮ እንኳ መጨረሻ ላይ ለምዳት ነበር። አሠልጣኙ አንዷን ታብሌት ከፍ አድርጎ ይዞ «ከእንግዲህ ማንበብ የማይችል ተማሪ የሚባል ነገር አይኖርም!» አለን። አጨበጨብን። እኔማ መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት። አይ ሞኝነት!

በዚያን ጊዜ ከዲላ ርቆ ወርቃ አካባቢ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። ዲላ ተወልጄ ዲላ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ወርቃ ያመጣኝ ምደባ እንጂ ፍቅር አይደለም። ጭቃው፣ ዝናቡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሆኖ በሞተር መንከራተቱ አንገሽግሾኝ ሐሳቤ ሁሉ ዝውውር ነበር። ርዕሰ መምህሩም ይህን ያውቃል። «ትምህርት ቤታችን በንባብ ሞዴል ይባል እንጂ፣ የአንተን ዝውውር ለእኔ ተወው» አለኝ። ይህን የሚለኝ ሰውዬ ታብሌቱ የት ጋ እንደሚበራ ጠፍቶት አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነች የከፈተችለት።

ታብሌቶቹ ሲመጡ የሚሞሉበት መብራት አልነበረም። በአቅራቢያችን ያለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ጄኔሬተሩን ሲያስነሳ ተሸክመን ወስደን እንሰካለን። ኔትወርክ የሚገኘው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ዳገት ጫፍ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው፤ ውጤት ለመላክ እያለከለክሁ እወጣለሁ። ይህ ሁሉ በሪፖርቱ ላይ «በኢንተርኔት የተሳሰረ ትምህርት ቤት» ተብሎ ተጻፈ። የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

ታብሌቱ ውስጥ አሥራ ሁለት ታሪኮች አሉ። ስለ ባቡር፣ ስለ ባሕር ዳርቻ፣ ስለ ልደት ኬክ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ቤታቸው ውስጥ ጌዴኡፋ ነው የሚናገሩት፤ ኦሮምኛ የሚናገሩም ነበሩ። በአማርኛ አፋቸውን የፈቱት ቢቆጠሩ አምስት አይሞሉም። ሥልጠናው ላይ «ስለ እንሰት፣ ስለ ቡና፣ ልጆቹ ስለሚያውቁት ነገር የሚያወራ የላችሁም ወይ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። «በሚቀጥለው ምዕራፍ ይካተታል» አሉኝ። ያ ምዕራፍ እስካሁን አልደረሰም፤ መንገድ ላይ ጭቃ ይዞት ይሆናል።

ልጆቹ ግን ወደዱት። ከገጹ ጥግ ያለችውን የጆሮ ምልክት ሲነኩ አንዲት ሴት በተሞላቀቀ የአዲስ አበባ አማርኛ ታሪኩን ታነብላቸዋለች፤ እነሱ ከኋላ ከኋላ ይከተሏታል። ወር ሳይሞላ ክፍሉ በሙሉ እንደሷ እየተሞላቀቀ ያነብ ጀመር። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ከሁሉም አንዷ ትለይ ነበር። ቀጭን፣ ዓይን አፋር፣ ስታነብ ግን አንዲት ቃል የማትስት ልጅ። እናቷ ማጠቢያ ጣቢያው ውስጥ፣ የታጠበው ቡና በሚሰጣበት የማድረቂያ አልጋ ላይ ብልሹውን ፍሬ የምትለቅም ሴት ናት። አባቷ ሞቷል። እሱ በሕይወት ሳለ ማታ ማታ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብላቸው ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ከቤቱ የሚያነብ ሰው ስለሌለ መጽሐፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ታብሌት ልሰካ በሄድኩ ቁጥር እናትየዋ ከቡናው ቀና ትልና አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች፦ «መምህር፣ ልጄ የአባቷን መጽሐፍ መቼ ነው የምታነብልኝ?»

«ደርሳለች፣ ደርሳለች!» እላታለሁ፣ ሳልቆም።

አንድ ቀን ልጅቷን አስነብቤ ወደሚቀጥለው ታሪክ ሳዞር፣ ታብሌቱን የያዝኩበት መዳፌ ስዕሉን ሸፍኖት ኖሯል። ዝም አለች። ጽሑፉ ከፊቷ ተዘርግቷል፣ እሷ የምታየው ግን እጄን ነው። «አንብቢ እንጂ!» ብዬ ተቆጣኋት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እጄን ሳነሳ ኬኩን አየችና ታሪኩን ከላይ እስከ ታች እንደ ውኃ አወረደችው። ሌላ ስዕል ሸፈንኩ፤ ዝም። ገለጥኩ፤ እንደ ውኃ። ከመሃል «ባቡር» የምትለውን ቃል ብቻ ለይቼ አሳየኋት፤ ሽቅብ አየችኝ እንጂ ምንም አላለች። የቀሩትን ተማሪዎች አንድ በአንድ እየጠራሁ ሞከርኩ። ወይ ጉድ! አንድም አንባቢ የለኝም። ያለኝ አሥራ ሁለት ታሪክ የሸመደደ ክፍል ነው።

ደነገጥኩ። ለልጆቹ አዝኜ ነው ብል ውሸቴን ነው፤ ትዝ ያለኝ ዝውውሬ ነበር።

እንደምንም ለርዕሰ መምህሩ ነገርኩት። በሩን ዘጋና «አንተ ደግሞ ነገር መቆፈር ትወዳለህ!» አለኝ።

«አያነቡም እኮ። ሸምድደው ነው።»

«አፋቸው ይንቀሳቀሳል?»

«ይንቀሳቀሳል።»

«ድምፅ ይወጣል?»

«ይወጣል።»

«ታዲያ ማንበብ ሌላ ምን አለው?» ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ስለ ትምህርት ጥራት ስብሰባ የሚመራው።

የታብሌቱን ንባብ ውጤት የሚያዩ ገምጋሚዎች በመኪና መጡ። ልጆቹ አነበቡ፣ ገምጋሚዎቹ ተገረሙ፣ ቪዲዮ ተቀረፀ። ከመካከላቸው አንዲት ነገር የገባት ወጣት ነበረች። «እስቲ ስዕሉን አጥፍተን ጽሑፉን ብቻ እናሳያቸው» ብላ እጇን ስትዘረጋ «ስዕሉ ያበረታታቸዋል፣ ባይነካ ይሻላል» አልኳት። ማንም አላስገደደኝም። ርዕሰ መምህሩ እንኳ በዚያ ሰዓት ምሳ ሊያዝ ወጥቶ ነበር። ትምህርት ቤታችን ሞዴል ተባለ። ያቺ ዓይን አፋር ልጅም «በንባብ አንደኛ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጣት፤ ከታች የፈረምኩት እኔ ነኝ። እናቷ በላስቲክ ሸፍና ግድግዳ ላይ ሰቀለችው አሉ።

ቡናው ከዛፉ ተለቅሞ ሲያልቅ ዳገቱ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው የምስጋና ቀን ይደረጋል፤ አንድ ልጅም ወጥቶ ከመጽሐፍ ቅዱስ ያነባል። የዚያን ዓመት ማን ያንብብ ሲባል ማንም አልተከራከረም፤ አንደኛዋ እያለች! እናትየዋ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ ጠራችኝ። «በአባቷ መጽሐፍ ነው የምታነበው። እርስዎ ባይመጡ እቀየማለሁ» አለችኝ፣ ፊቷ እየበራ። እውነቱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እዚያው ብናገር እናትና ልጅን ብቻ ነበር የማሳዝነው። ዋጥኩትና «እመጣለሁ» አልኳት።

ሃይማኖቴ ሌላ ቢሆንም ለእንግዳ ብለው ፊት አስቀመጡኝ። ልጅቷ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ገጹን ገልጠው፣ የሚነበበውን በጣታቸው አሳይተው፣ ማይክራፎኑን ዝቅ አደረጉላት። አየችው። አንድ ገጽ ገለበጠች። ሌላም ገለበጠች። ከዚያ በዓይኗ ፈልጋ አገኘችኝና በዚያች ቀጭን ድምጿ ጠየቀችኝ፦

«መምህር፣ ስዕሉ የታለ?»

ማይክራፎኑ ለዳገቱ ሁሉ አሰማው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ራሷን ዳበስ አድርገው መጽሐፉን ተቀበሏትና እሳቸው አነበቡት። እናቷን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ የጫማዬን ማሰሪያ ስፈታና ስቋጥር ጸሎቱ አለቀ።

ሰኞ ጠዋት እናትየዋ በሥራ ልብሷ፣ ልጇን በእጇ ይዛ መጣች። ክፍሉ ውስጥ ተማሪዎቹ በሙሉ አሉ። የምስክር ወረቀቱን ከላስቲኩ አወጣችና ለልጇ ሰጠቻት። «አንብቢው» አለቻት።

ልጅቷ የራሷን ስም አነበበች። ከዚያ በኋላ ቆመች።

«የቀረውስ?»

ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ ማኅተሙን አየች፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየች። እናቷ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደችና ወደ እኔ ዘረጋችው። አልጮኸችም። አንተ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር፤ በዚያ ቀን እንኳ እርስዎ ማለቷን አልተወችም።

«መምህር፣ ይሄ የእሷ ከሆነ እሷ ታንብበው። የእርስዎ ከሆነ ደግሞ ይውሰዱት» አለችኝ።

የዝውውር ደብዳቤዬ ዓርብ ዕለት ደርሶ በደረት ኪሴ ነበር። እጄን ዘርግቼ ወረቀቱን ተቀበልኳት፤ አጠፍኩትና እዚያው ኪስ ውስጥ ከተትኩት። በሳምንቱ ዲላ ነበርኩ። ያቺን ልጅ ከሀ ጀምሮ የሚያስተምራት ሰው ይመደብ አይመደብ አልጠየቅሁም።