በሦስት የተቆረጠው መጽሐፍ

ጉዲቱ ፈይሳ በ1975 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ የአንደኛ ዓመት የነርስ ተማሪ ነበረች። ክፍሉ ሠላሳ ስድስት ተማሪ ነበረው። በሰኔው ፈተና ከሃያ አራተኛ በታች የወጣ ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ዳይሬክተሩ በመጀመሪያው ቀን ነግረዋቸዋል።

አባቷ ኦቦ ፈይሳ ናዝሬት አቅራቢያ መልካሳ ላይ በእርሻ ምርምር ጣቢያው የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ቦሎቄ ይኮተኩታሉ። ማንበብ አይችሉም። ሁለት ሴት ልጆች ነበሯቸው፦ ጉዲቱና የአሥራ ሁለት ዓመቷ ሎሚ። ሎሚ አምስተኛ ክፍል ነበረች።

ዋናው የነርስነት መማሪያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ነው። ዋጋው አርባ አምስት ብር፤ የተማሪው የኪስ ገንዘብ በወር አሥር ብር። ቤተ መጻሕፍቱ ሁለት ቅጂ ቢኖረውም ለውሰት አይሰጥም። ተማሪዎቹ ከሆስፒታል ልምምድ ሲመለሱ ደግሞ በሩ ተዘግቶ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ሁሉም የየራሱ መላ ነበረው። አንዳንዱ ካለፈው ዓመት ተማሪ ሽፋኑ የወለቀ አሮጌ ይገዛል። አንዳንዱ መጽሐፍ ላለው ልብሱን እያጠበለት ተውሶ ያነባል። አብዛኛው ግን አዋጥቶ ይገዛና ይቆርጠዋል።

ጉዲቱ፣ ሰሊማና እናትነሽ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ብር አዋጡ። ሰሊማ የናዝሬት ባለሱቅ ልጅ ናት፤ እናትነሽ የመጣችው ከሻሸመኔ ነው። መጽሐፉን ገበያው አጠገብ ወደሚሠሩት ጠራዥ፣ ወደ ጋሽ አብዱልመናን ወሰዱት።

«በሦስት ይቁረጡልን» አለች ሰሊማ።

«እኔ መጽሐፍ እሰፋለሁ እንጂ አላርድም።»

«ጋሼ፣ በግ ካልታረደ ለሦስት ሰው እንዴት ይደርሳል?»

ሽማግሌው ሳቁ። ጀርባውን በቢላ ሰንጥቀው ሦስቱን ለየብቻ ሰፉ፣ ካርቶን አለበሷቸው። አንደኛው ስለ ሰውነት ክፍሎች፣ ሁለተኛው ስለ በሽታዎች፣ ሦስተኛው ስለ መድኃኒቶችና መጠናቸው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሊለዋወጡ ተስማሙ።

የፋሲካ ፈተና ውጤት ሲለጠፍ ሰሊማ ሦስተኛ፣ እናትነሽ ሃያኛ፣ ጉዲቱ ሃያ አምስተኛ ወጡ። ጉዲቱ ሰሌዳው ፊት ቆማ ስሞቹን በጣቷ ቆጠረች። ከፊቷ ካሉት አንድ ሰው መውደቅ ነበረበት።

የመድኃኒቱ ትምህርት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሰሊማ ተራዋ ሲደርስ ሙሉውን በደብተር ገለበጠችው። ጉዲቱ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እናትነሽን ተራዋ በደረሰበት ሳምንት ወባ ጣላት። መጽሐፉ ሳይከፈት ትራሷ ሥር ሰነበተ።

ከሰኔው ፈተና በፊት በነበረው የመጨረሻ ቅዳሜ ሦስተኛው ክፍል ከጉዲቱ ወደ እናትነሽ ማለፍ ነበረበት።

«የታለ?»

«ጉድ ሆኛለሁ፣ እናትነሽ። ባለፈው እሁድ መልካሳ ይዤው ሄጄ እዚያው ረሳሁት።»

«ፈተናው እኮ ሐሙስ ነው!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ክንፍ የለኝ።»

መጽሐፉ ጉዲቱ የወር አበባ ጨርቋን በምታስቀምጥበት ከረጢት ውስጥ ነበር። እዚያ ማንም እጁን አይሰድም። የምታነበው ሽንት ቤት ገብታ ነው።

እናትነሽ ወደ ሰሊማ ሄደች።

«ደብተርሽን ለአንድ ቀን ብቻ አውሺኝ።»

«አንቺ ስትተኚ እኔ እጄ እስኪያብጥ ጻፍኩ።»

«ወባ እኮ ነው የያዘኝ፣ ሰሊማ!»

«ወባሽን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ?»

ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ ነበር። ተማሪው አዳራሽ ተሰብስቦ ሂስና ግለ ሂስ ያደርጋል። እናትነሽ እጇን አወጣችና የጋራ ንብረት በአንድ ጓድ ቸልተኝነት ከሥራ ውጭ መሆኑን ተናገረች። ጉዲቱ ተነሳች። አንገቷን ደፍታ፣ በንዑስ ከበርቴ ግድየለሽነት ተነድታ መጽሐፉን መልካሳ ትታ እንደመጣች፣ ለወደፊቱም እንደምትታረም ገለጸች።

«ጓድ ጉዲቱ በቅንነት ግለ ሂስ አድርጋለች» አለ ሰብሳቢው። «ጭብጨባ ይገባታል።»

ተጨበጨበ። እናትነሽም አብራ አጨበጨበች። ጉዳዩ ተዘጋ።

እሁድ ጠዋት እናትነሽ አውቶቡስ ተሳፍራ መልካሳ ወረደች። ጉዲቱ ይህን አላሰበችውም ነበር። ኦቦ ፈይሳ ነገሩን ሲሰሙ ቤቱን ገለበጡት። አልጋውን አንስተው አዩ፣ ከጎተራው እህሉን አወጡ። የለም። እናትነሽ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ሰውየው ግን መፈለጋቸውን አልተዉም። ሲመሽ የሎሚን የደብተር ቦርሳ መሬት ላይ አራገፉት። አንዱ ደብተር በፈረንጅ ጽሑፍ ወረቀት ተሸፍኗል። ሎሚ እንደማንኛውም ተማሪ ደብተሯን ባገኘችው የታተመ ወረቀት ትሸፍናለች። ከምርምሩ ከተጣለ ወረቀት ያነሳችው መሆኑን ተናገረች። ለአባቷ ግን የፈረንጅ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ነበር።

ሰኞ በምሳ ሰዓት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጉዲቱን ጠራት። አባቷ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ሎሚ ናት የቀደደችው። ለደብተሯ። የቀረውን የት እንዳደረሰችው ብጠይቃት አትናገርም። እሳት ውስጥ ከትታው ነው። ይኸው፣ ከሱ አይደለም?»

ጉዲቱ ወረቀቱን ዘርግታ አነበበችው። በአንድ የቦሎቄ ዘርና በሌላው መካከል ምን ያህል ርቀት መተው እንዳለበት ይናገራል። ከታች የቦሎቄ ተክል ሥዕል አለ።

«ከሱ ነው፣ አባ» አለች። መልሳ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ያቺን ልጅ ጥሪልኝ። ይቅርታ ሳልላት አልሄድም።»

እናትነሽ ስትመጣ ኦቦ ፈይሳ ከወገባቸው ጎንበስ አሉ።

«ዺፋማ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ። ጥፋቱ የቤቴ ነው።»

«ኧረ አባባ፣ ቀና ይበሉ! ምን ሆኑ?»

«ታናሽየዋ አቃጥላዋለች።»

እናትነሽ ክንዳቸውን ይዛ ቀና አደረገቻቸው። «በቃ፣ ከተቃጠለ ምን ይደረጋል። ልጅቷን ብቻ እንዳይመቷት።»

«መታኋት እኮ። በመጫኛ። ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄደችም፣ መቀመጥ አቃታት።»

ጉዲቱ የአባቷን ጫማ ታያለች። ከረጢቱ ከበሩ መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት አልጋዋ ሥር ነበር።

«አባ፣ አውቶቡሱ ያመልጥዎታል» አለች።

ሐሙስ ተፈተኑ። ከአርባው ጥያቄ አሥራ ስምንቱ ስለ መድኃኒት ነበር። በሳምንቱ ውጤቱ ተለጠፈ። ሰሊማ ሁለተኛ። ጉዲቱ አሥራ አራተኛ፤ ከእሷ ኋላ ሌሎች አሥር አልፈዋል። መጽሐፉን በቅዳሜው ብትሰጥም ታልፍ ነበር። እናትነሽ ሠላሳኛ ወጣች።

የወደቁት እስከ ቀትር መልቀቅ ነበረባቸው። እናትነሽ ጋሪ ጠርታ ፍራሿን ጫነች። ሰሊማ ልብስ እያጠበች ስለነበር ከሩቅ እጇን አውለበለበች። ጉዲቱ በሩ ድረስ ሸኘቻት።

«እህትሽ እንዴት ሆነች?»

«ድናለች።»

«ሰላም በያት። ልጅ ናት፣ ሳታውቅ ነው። አልተቀየምኳትም በያት።»

«እሺ።»

ጋሪ ነጂው ፈረሱን መታው።

በሐምሌ አጋማሽ ጉዲቱ መልካሳ ሄደች። ላለፈችው ፈተና ዶሮ ታረደ። ላባውን የነጨችው ሎሚ ናት። እጅ አስታጥባ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። የእናትነሽን መልእክት ማንም አላደረሰላትም።

«ይህቺ በመስከረም አትመለስም» አሉ ኦቦ ፈይሳ፣ በአገጫቸው ወደ በሩ እያመለከቱ። «መጽሐፍ የምታቃጥል ልጅ ትምህርት ቤት ምን ታደርጋለች? ፍየሎቹን ትጠብቅ። ለእኔ አንድ ነርስ ይበቃኛል።»

እናታቸው ወጥ ጨመሩ። ሎሚ እህቷን ቀና ብላ አየቻት። በዚያ ቤት የፈረንጅ ጽሑፍ ማንበብ የምትችለው እህቷ ብቻ እንደሆነች ታውቃለች።

ጉዲቱ አፏን ከፈተች።

«ምነው?» አሏት አባቷ።

«ጨው አንሶታል» አለች።

ሎሚ ተነስታ ጨው አመጣች።