ቂጥ የለሹ ጀሪካን

ባለፈው ሳምንት ቧንቧችን ደረቀና ልጄ ባዶ ጀሪካን በኮብልስቶኑ ላይ እየጎተተ ወረደ። ያ ኳኳታ ቀጥ አድርጎ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ውሃ ጠባቂዋ አዴ ዘይቱና ወሰደኝ። «አንሥተህ ያዘው፣ ዕቃ ነው!» ብዬ ተቆጣሁት። ልክ አልነበርኩም። በልጅነቴ ጀሪካን ዕቃ ብቻ አልነበረም።

ከተማችን ጭሮ ያኔ ስሟ አሰበ ተፈሪ ነበር። ዘይቱ ያለቀ ቢጫ ጀሪካን ውሃ ይቀዳበታል፤ እንግዳ ሲበዛ ይቀመጡበታል፤ ሰርግ ሲመጣ ይደለቃል። ጫት ነጋዴዎች ክዳኑን በስተው የጫቱ እስር ላይ ውሃ ይረጩበታል። ሲያረጅ እናቴ ቂጡን ቆርጣ የዶሮ ውሃ መጠጫ ታደርገዋለች። የከበረው ሥራው ግን የሰፈሩ ውሃ መቅጃ ቦኖ ደጅ ሰው ተክቶ መሰለፍ ነበር።

የቦኖው ቁልፍ በአዴ ዘይቱና አንገት ላይ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ የቀሚሳቸው ጫፍ ዘወትር የራሰ። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ይመጣል፣ ቀትር ላይ ይሄዳል። ሕጋቸው አንድ ነው፤ የሚሞላው የተሰለፈው ጀሪካን ነው፣ መተካት የለም። ነጋዴዎች በትንሽ ጀሪካን ቦታ ይዘው በርሜል እያመጡ አስመርረዋቸዋል።

አንድ ቀን እህቴን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከመሰላ ይመጣሉ ተባለ። በደኅናው ጀሪካን የቀረችውን ውሃ እናቴ እየቆጠበች ነበር። ስለዚህ ቂጡ የተቆረጠውን ወስጄ በማለዳ ወረፋው ላይ አቆምኩት። ከላይ ለሚያየው ጤነኛ ነው። ተራው ሲቀርብ ሮጬ ደኅናውን ላመጣ አስቤ ኳስ ጨዋታ ገባሁ።

«የማን ነው ይሄ?» ሲባል ደረስኩ። አዴ ዘይቱና ጀሪካኑን አንሥተው በቂጡ በኩል ሰልፈኛውን ያያሉ።

«የእኔ ነው። ደኅናውን አሁን አመጣለሁ።»

«የተሰለፈው ይሄ ነው። ሙላ!»

«ቂጥ የለውማ፣ አዴ!»

«አንተ እጅ አለህ። ገልብጠህ እቀፈው።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። «ወላሂ፣ ፍርድ ማለት ይሄ ነው!» አለ በርሜሉን ያስመለሱበት አንድ የጫት ነጋዴ።

ክዳኑን አጥብቄ፣ ገልብጬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌው ዳገቱን ወጣሁ። ቤት ስደርስ ከጀሪካኑ ይልቅ ብዙ ውሃ የያዘው ሸሚዜ ነበር። እናቴ አልመታችኝም። ቁጭ ብላ እጇን አገጯ ላይ አደረገች። ቦኖው ተዘግቷል፤ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ ሳይበሉ ሊመለሱ ነው።

አሥር ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። አዴ ዘይቱና የራሳቸውን ጀሪካን አዝለው ቆመዋል። ቁልፉ በእጃቸው እያለ የእሳቸው ጀሪካን ሁልጊዜ የሚቆመው ከሰልፉ መጨረሻ ነበር።

«ያዥ» አሏት እናቴን። «ልጅሽ ሌባ አይደለም፣ ሰነፍ ነው። ሰነፍ ይታረማል።»

ሽማግሌዎቹ ታጠቡ፣ በሉ፤ እህቴም ተዳረች።

ዛሬ ልጆቼን ስለ ወረፋ ስመክር ዳገቱን እተርክላቸዋለሁ፤ የኳስ ጨዋታውን ግን እዘለዋለሁ። እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር ሌላም አለ። ያን ቀን አዴ ዘይቱና ቤት ምን ውሃ እንደቀረ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ትዝ ሲለኝ እሳቸው በሕይወት አልነበሩም።