ዋስ የተጠራለት ምድጃ

እናቴ የማታምነው ነገር ብዙ ነበር። ፈገግ እያለ የሚሸጥ ነጋዴ አታምንም፤ ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ አታምንም፤ ክዳኑን ከፍታ ያላየችውን ድስት አታምንም። እኔ ደግሞ የማላምነው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ምድጃ እንግዛ በተባለበት ክረምት እሷ ስትጠረጥር፣ እኔ ስደሰት፣ አባቴ በሁለታችን መካከል ሲመላለስ ነው የከረምነው።

ነገሩ የመጣው ከዓይኗ ነው። ፍኖተ ሰላም ያለችው ማድቤታችን ጠባብ ናት፤ መስኮት የላትም። የባሕር ዛፍ እንጨቱ ክረምት ሲገባ ይርሳል፤ ከመንደድ ይልቅ ማልቀስ ይቀለዋል። እንጀራው ጓሮ ዳስ ሥር ስለሚጋገር ነፋስ ያገኘዋል፤ እናቴን የጎዳት ወጡ ነው። ወጥ ስትሠራ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ብቻ ወደ ድስቱ ልካ ነበር የምታማስለው። ሰኔ ላይ ጠዋት ጠዋት ዓይኗ አልገለጥ ሲል አባቴ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። እኔም ተከተልኩ።

ወጣቱ ድሬሰር የዓይኗን ቆብ ገልብጦ አየና ቅባት ሰጣት።

«እሜቴ፣ ቅባቱ የሚሠራው ከጭስ ከራቁ ነው» አላት። «ካልራቁ ክር በመርፌ ማስገባት ቀርቶ በሩንም በዳበሳ ነው የሚያገኙት።»

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ፣ «ይህ ልጅ ምድጃ የሚሸጥ ዘመድ ይኖረው ይሆን?» አለች።

አባቴ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲካካድ ሲሰማ ስለሚውል፣ ቤቱ ሲገባ ሁሉንም ማመን ይወዳል። ጭስ የሌለው ምድጃ እንገዛለን አለ። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል» አለችው።

«ወጡ ይቅርብኝ፤ ዓይንሽ ይዳንልኝ» አላት።

እናቴ ነጠላዋን ማስተካከሏን ተወች።

የተወራልን ምድጃ ሁለት ነበር። አንደኛው ቡሬ አንድ ሱቅ ውስጥ ያለ አዲስ የላምባ ምድጃ ነው፤ ሁለት ድስት ይጥዳል፤ በላዩ የሚቀመጥ የቆርቆሮ ሣጥንም አለው፣ ሣጥኑ ውስጥ ዳቦ ይጋገራል ተብሏል። ሁለተኛው እዚሁ ከተማችን ነው። የሳይንስ አስተማሪያችን የሆነው ፈረንጅ ወደ አገሩ ሊመለስ ስለሆነ ቡታጋዙን ይሸጣል። ነጭ ነው፤ ከላይ ሦስት ድስት ይችላል፤ ከሥር በር ያለው የዳቦ መጋገሪያ አለው። አንድ ጊዜ የክፍላችንን ደብተር ተሸክሜ ቤቱ ስሄድ በሩን በጣቴ ነክቼው ነበር። ልቤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያው ቀርቷል።

እናቴ ግን መጀመሪያ ቡሬን እንይ አለች። የፈረንጅ ዕቃ ለመጨረሻ ነው አለች።

ቡሬ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ነጋዴው ወፍራም፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ምድጃውን ከሱቁ አውጥቶ በረንዳው ላይ አስቀመጠልን። እናቴ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ዞረችው። እግሩን ጫን ጫን አደረገችው፤ ጎኑን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው።

«እስከ ዛሬ ለምን አልተሸጠም?» አለችው።

«እርስዎን ሲጠብቅ ነዋ እሜቴ።»

ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ «አሳሳቁን አየሽልኝ?» አለችኝ። ከዚያም ቀና ብላ፣ «መልካም። ዋስዎን ይጥሩ» አለችው።

ይህን ለማያውቅ ሰው ልንገር። እናቴ ያደገችው ከጅጋ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። አባቷ ከብት አዋቂ ነበሩ፤ የአገሩ ሰው በሬ ሲገዛ እሳቸውን አስቀድሞ ነው ገበያ የሚወጣው። እዚያ ከብት ያለ ዋስ አይገዛም። ሻጩ የታወቀ ሰው ይጠራል፤ ያም ሰው በእማኝ ፊት ቆሞ፣ ከብቱ የራሱ ነው፣ ሰበብም የለበትም፣ ነገር ቢመጣ እኔን ጠይቁ ይላል። እናቴ ከዚያ ወዲህ ዋስ ሳይቆም የተገዛ ነገር ሁሉ የተሰረቀ ይመስላታል።

«ለምድጃ ዋስ?» አለ ነጋዴው።

«ለምድጃ። በቅሎ ብትራገጥ አንድ ሰው ነው የምትሰብር። ይህ ቢፈነዳ ቤት ነው የሚያነድ።»

«እሜቴ፣ ምድጃ እኮ እናት የለው፣ አባት የለው፣ ማን ጠፋብኝ ብሎ ይመጣበታል?»

ከዝናቡ ተጠልለው በረንዳው ላይ የቀሩት ሰዎች ሳቁ። አንዱ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው፣ «እኔ ዋስ ልሁንለት» ቢሉ፣ ሌላው ቀበል አድርጎ፣ «ለአንቱ ደግሞ ማን ሊሆንልዎ ነው?» አላቸው። አባቴ ሰማይ ሰማይ ያያል። እናቴ አልሳቀችም።

«እንግዲያስ ያንድዱትና ልየው» አለች።

ነጋዴው ላምባ ሞላ፤ በትንሿ መግፊያ ደጋግሞ ነፋ፤ ክብሪት ጫረ። ቢጫ ነበልባል እስከ ደረቱ ዘሎ ጥቁር ጥቀርሻ ተፋ፤ ቆይቶ ዝቅ አለና ሽሽ እያለ መንደድ ጀመረ። እናቴ ያን ጊዜ ያደረገችውን ማንም አልጠበቀም። ቁጢጥ አለች፤ ፊቷን ወደ እሳቱ አስጠጋች፤ ያን የቀላ ዓይኗን በተቻላት መጠን አፍጥጣ ቆየች። ወዲያው እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

«እስኪሞቅ ነው እሜቴ፣ ሲሞቅ ይተወዋል» አለ ነጋዴው። ድምፁ አሁን ጨዋታ አልነበረበትም።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራርጋ ተነሳች። «ጭሱ መልኩን ቀየረ እንጂ የት ሄደ?» አለች። የቆርቆሮውን ሣጥን ከፍታ አሸተተች፤ እኔንም አስሸተተችኝ፤ ላምባ ላምባ ይላል። ነጋዴውን ዕድሜ ይስጥዎ ብላ መርቃው ሄድን። በአውቶቡስ ተመለስን። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ ያዞርኩት ደስታዬ እንዳይታይብኝ ነው።

የፈረንጁ ምድጃ ጥርጣሬ ግን ሌላ ነበር፤ እሱ ከዓይንም ያልፋል። የማርያም ማኅበር ተራዋ ጥቅምት ላይ ነው። ማኅበርተኞቹ ቤታችን ይመጣሉ፤ ከማድቤታችን የወጣውን ይበላሉ።

«በዚያ ውስጥ አሳማ ጠብሶበት ከሆነስ?» አለች ማታ ለአባቴ።

«ፍኖተ ሰላም ላይ አሳማ ከየት ያመጣል?»

«በቆርቆሮ ታሽጎ ይመጣል ይላሉ።»

አባቴ ይህን ሲሰማ ጢሙን ማሸት ጀመረ። ማኅበርተኞቹ አንድ ጊዜ ከጠረጠሩ እናቴ ያቀረበችውን በእጃቸው ነክተው ብቻ እንደሚመልሱ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ከምታይ ዓይኗ ቢጠፋ ትመርጣለች። እውነቴን ነው፤ ራሷ ናት ያለችው።

በማግስቱ የንስሐ አባታችን መጡ። ነገሩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ጠላቸውን ቀመስ አድርገው አስቀመጡና፣ «ምድጃውን በጠበል እረጨዋለሁ፤ ለእሱ አትጨነቂ» አሏት። «ጥርጣሬሽን የምረጭበት ጠበል ግን እኔ ዘንድ የለም።»

«አባቴ፣ ምን ላድርግ ታዲያ?»

«የበላውን የሚያውቅ ያበላው ነው። የፈረንጁን ወጥ ቤት ጠይቂያታ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችንም ሄድን። አስተማሪው በር ላይ ተቀበለን፤ እናቴን እንደ ወንድ «እንደምን አደርክ?» አላት። እሷም በትሕትና፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለችው። ወጥ ቤቱ ቀጭን፣ ሻሽ ያሰረች ሴት ናት፤ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች።

እናቴ የመጋገሪያውን በር ከፈተች፤ ራሷን ከነሻሿ ወደ ውስጥ አስገባች። ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ከገባችበት የባሰ ጠቁሯል።

«ምንም አይሸትም» አለች።

«ጥሩ ነዋ» አለ አባቴ።

«ምን ጥሩ ነው? ማድቤት የዋለ ዕቃ የማይሸትበት ምን ምክንያት አለ? ታጥቧል። ለምን ታጠበ?»

ወጥ ቤቱ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እናቴ ያን አይታ ወደ እሷ ዞረች።

«አንቺ ልጅ፣ አገርሽ የት ነው?»

«ጅጋ ነኝ እትዬ።»

«ጅጋ የቱ ጋ?»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ጋ።»

የማን ልጅ እንደሆነች፣ እናቷ ከየት እንደተዳረች፣ አያቷ መቼ እንዳረፉ ተጠየቀች። አስተማሪው አንዱንም ሳይሰማ ፈገግ እያለ ያየናል፤ ፈገግታው ነገሩን እያበላሸበት እንደሆነ ማን ይንገረው። በመጨረሻ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አያትሽ ዋስ ሲቆሙ አባቴ ሌላ አይጠይቅም ነበር» አለቻት። «አንቺስ ለዚህ ምድጃ ዋስ ትሆኚኛለሽ?»

ሴትዮዋ አስተማሪውን አየት አደረገችው። «እውነቱን ልናገር፤ ግን እሱ ፊት እንዳያስቁኝ እትዬ።»

«ተናገሪ።»

«ሥጋ ይበላል፤ የምሠራለትም እኔው ነኝ። ግን በራሴ ከሰል ነው፤ ከእኛው ሥጋ ቤት ገዝቼ። ላዩ ላይ ሻይ ያፈላበታል። በዚህ ውስጥ ግን እንኳን አሳማ ዳቦም ገብቶበት አያውቅ። ክረምት ክረምት ካልሲውን ነው የሚያደርቅበት።»

አስተማሪው ካልሲ የሚለውን ቃል ያውቅ ኖሯል። ጆሮው ድረስ ቀላ። ጎንበስ ብሎ መጋገሪያው ውስጥ ከኋላ በኩል እጁን ሰደደና አንድ ግራጫ ካልሲ አወጣ፤ የት እንደሚያደርገው ስላጣ ኪሱ ከተተው። እኔ ግድግዳውን ይዤ ቀረሁ። አባቴ ጉሮሮውን ደጋግሞ ጠረገ።

እናቴ ነገሩን ረጋ ብላ አሰበችበት። «እንግዲህ ካልሲ ጾም ነው» አለች።

ወጥ ቤቱ ማዕተቧን ይዛ፣ ሐሰት ቢሆን በእኔ ይሁን ብላ ዋስ ቆመች። አባቴና እኔ እማኝ ሆንን። አሁን የቀረው እሳቱ ነው።

አስተማሪው ለኮሰው። ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው፤ ዙሪያውን የቆመ ትንሽ ሰማያዊ እሳት ነው። እናቴ ቡሬ ላይ እንዳደረገችው ጎንበስ ብላ ዓይኗን አፈጠጠች። ከቡሬው ይልቅ ቆየች። አስተማሪው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በእንግሊዝኛ፣ ምን እያደረገች ነው አለኝ። እንባ እየጠበቀች ነው አልኩት። ግራ ገብቶት እሱም አብሯት ጎንበስ አለ።

እንባው አልመጣም። እናቴ ጉንጯን በጣቷ ዳበሰች፤ ደረቅ ነው። ሌላኛውንም ዳበሰች።

«ይህ እሳት የሚደብቀው ነገር አለ» አለች ቀና ብላ። ከዚያ ለአባቴ፣ «ያስጭኑት» አለችው።

ቤት ከገባ በኋላም ቢሆን እንዲሁ አልለቀቀችውም። ሲሊንደሩ ማድቤት ውስጥ አይቀመጥም አለች፤ ውሻ ከውጭ ነው የሚታሰር። አባቴ ግድግዳ አስበስቶ ላስቲኩን አሳለፈ፤ ሲሊንደሩ ከጣራው ሥር በሰንሰለት ታሰረ። ጋዙ ሲያልቅ ከአዲስ አበባ የሚያመጣው የጭነት መኪና ነጂ ቢያታልለንስ ብላ ጉልቻውን ሳታፈርስ ጥግ ላይ ተወችው። የንስሐ አባታችን ጠበል ረጩት። የመጀመሪያውን ዳቦ ስትጋግር ምን እየሆነ እንደሆነ ለማየት በሩን ስትከፍት ስትዘጋ ዳቦው መሃሉ ሰርጎድ አለ፤ ምድጃው ነው የበላው አለች። በማኅበሩ ቀን፣ አስተማሪው ሲሄድ ወደ አገሯ የተመለሰችውን ወጥ ቤት ከጅጋ ድረስ አስጠርታ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠቻት። ሴቶቹ ምን ይጠበስበት እንደነበር ሲጠይቋት እሷም ያለ ሐፍረት ነገረቻቸው። ሳቃቸው መንገድ ላይ ይሰማ ነበር፤ ዳቦውንም አልመለሱትም።

ኅዳር ሲገባ የእናቴ ዓይን ነጣ። መጀመሪያ እሷ ራሷ አላመነችም፤ መስተዋቱ አርጅቶ ነው አለች። ወጥ ስትሠራ ግን ፊቷን ወደ በሩ ማዞር ትታለች። ከምድጃው አጠገብ ቆማ ዙሪያዋን ታያለች፤ ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ እኔን።

አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጥኩላት ሳለ ማማሰሏን አቆመች።

«ምን ያስቅሻል?» አለችኝ።

«ምንም እማዬ።»

«ያለ ምንም ጥርስ አይታይም። ከመቼ ወዲህ ነው ወጥ ሲሠራ የምትስቂ?»

«ሁልጊዜ ነው እኮ።»

ማማሰያውን እንደያዘች ፊት ለፊቴ መጣች። አገጬን በሁለት ጣቷ ቀና አድርጋ፣ አንዴ ቀኝ ጉንጬን አንዴ ግራ ጉንጬን መረመረች። አላመነችኝም።

«እስቲ ደግመሽ ሳቂ» አለች።